የግሪክ አማልክትን ለማወቅ ከየትኛው ጽሑፍ ይጀመር? የጥንት ምንጮች ንጽጽር

የግሪክን አፈ ታሪክ ለማወቅ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚያገኘው የአማልክት ዝርዝር ነው፤ ዜውስ የሰማይና የመብረቅ፣ ፖሲዶን የባሕርና የምድር መናወጥ፣ አቴና የጥበብና የጦር ስልት፣ አፍሮዲቴ የፍቅር፣ ሄፌስቶስ የእሳትና የብረት ሥራ እየተባለ የተደረደረ። ዝርዝሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን በእርሱ ብቻ የጀመረ አንባቢ ስሞቹን ሸምድዶ አማልክቱን ሳያውቅ ይቀራል። የጥንት ግሪኮች ሁሉም የሚቀበሉት አንድ ቅዱስ መጽሐፍም ሆነ ትምህርቱን የሚጠብቅ አንድ የካህናት ጉባኤ አልነበራቸውም። ዛሬ በእጃችን ያለው ከስምንት መቶ ዓመት በላይ በሆነ ዘመን ውስጥ፣ በተለያየ አገርና ለተለያየ ጉዳይ የተጻፈ የገጣሚዎች፣ የተውኔት ደራሲዎችና የሰብሳቢዎች ቃል ነው። ስለዚህ ጀማሪ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ከማን አንደበት እንደሚሰማ ነው፤ የጥንቱን ግሪካዊ ገጣሚ ሄሲዮድን ይዞ የጀመረ ሰው የሚያገኘው ዜውስ፣ ሮማዊውን ገጣሚ ኦቪድን ይዞ የጀመረው ከሚያገኘው ዜውስ በእጅጉ ይለያልና።

ልዩነቱ ከትውልድ ይጀምራል። በሄሲዮድ ዘንድ አፍሮዲቴ የተወለደችው የዜውስ አባት ክሮኖስ የአባቱን የኡራኖስን (የሰማይን) ብልት በማጭድ ቆርጦ ወደ ባሕር በጣለው ጊዜ ከተነሣው አረፋ ነው፤ በዚህ አቈጣጠር ከዜውስ ቀድማ የነበረች ኃይል ናት። ስለ ትሮያ ጦርነት በሚተርከው በሆሜር ግጥም በኢሊያድ 5ኛ መጽሐፍ ግን የዜውስና የዲዮኔ ልጅ ሆና በጦር ሜዳ ትቈስልና እያለቀሰች በእናቷ ጉልበት ላይ ትወድቃለች። ሄፌስቶስም በዚያው በኢሊያድ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከሰማይ ተወርውሯል፤ በ1ኛው መጽሐፍ ለእናቱ ለሄራ በመቆሙ ዜውስ ወርውሮት ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ውሎ ፀሐይ ስትጠልቅ በሌምኖስ ደሴት ላይ ወደቀ፣ በ18ኛው መጽሐፍ ደግሞ አንካሳ ሆኖ በመወለዱ አፍራ የጣለችው ራሷ ሄራ ናት። የታወቁት «አሥራ ሁለቱ የኦሊምፖስ አማልክት» እንኳ በየቦታው አንድ አልነበሩም። በአቴና ከተማ በፓርቴኖን ቤተ መቅደስ ቅርጽ ላይ የወይን አምላክ ዲዮኒሶስ ከአሥራ ሁለቱ ጋር ተቀምጦ ሲታይ፣ በሌሎች ዝርዝሮች ቦታውን የምድጃዋ አምላክ ሄስቲያ ትይዘዋለች፤ በኦሊምፒያ ደግሞ ክሮኖስ፣ ሬያና የአገሩ ወንዝ አልፌዮስ ሳይቀሩ ከአሥራ ሁለቱ ይቈጠሩ ነበር። ይህን ሁሉ እንደ ስሕተት የሚያይ አንባቢ ይደክማል፤ እያንዳንዱን ቃል ከተናጋሪው ጋር አያይዞ የሚይዝ ግን ሁሉንም በየቦታው ያገኘዋል።

ሥርዓትና ትውልድ ለሚፈልግ፦ ሄሲዮድ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ700 ዓመት ገደማ የነበረው ሄሲዮድ በቦዮቲያ ምድር አስክራ በተባለች መንደር የኖረ ገጣሚ ሲሆን፣ በሄሊኮን ተራራ ሥር በጎች ሲጠብቅ ሙሴዎች የተባሉት የዜማና የግጥም አማልክት ተገልጠው ድምፅ እንደሰጡት ራሱ ይናገራል። ቴኦጎኒ የተባለው ግጥሙ 1,022 ስንኞች ብቻ ስላሉት በአንድ ከሰዓት በኋላ ተነብቦ ያልቃል። መጀመሪያ ካኦስ ማለትም ባዶው ገደል፣ ከዚያም ምድር፣ ታርታሮስ ማለትም ከምድር በታች ያለው ጥልቅና ኤሮስ ማለትም ፍቅር ነበሩ፤ ምድር ሰማይን ማለትም ኡራኖስን ወለደች፤ ከሁለቱም ቲታኖች ተወለዱ። ከእነርሱ አንዱ ክሮኖስ አባቱን አዋርዶ ነገሠ፤ እርሱም በተራው ልጁ እንዳይገለብጠው ፈርቶ የተወለዱለትን ልጆች አንድ በአንድ ዋጣቸው፤ ሚስቱ ሬያ ግን በመጨረሻው ልጅ ፋንታ በጨርቅ የተጠቀለለ ድንጋይ ሰጥታው ዜውስን በቀርጤስ ደበቀችው። አሥር ዓመት በፈጀ ጦርነት ቲታኖቹ ተሸነፉ፣ ቲፎን የተባለው አውሬም በመብረቅ ተመታ፣ ዜውስም ለየአማልክቱ ክብርና የሥራ ድርሻ አካፈለ። ክሮኖስ መልሶ የተፋው ያ ድንጋይ በዴልፊ ይታይ እንደ ነበርና በየዕለቱ ዘይት ይፈስበት እንደ ነበር በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ተጓዥ ጳውሳንያስ ጽፎ አቆይቷል።

የሄሲዮድ ጥቅም ግልጽ ነው፤ ማን ከማን እንደተወለደና ሥልጣኑ እንዴት እንደተላለፈ እንደ እርሱ ባጭሩ ያቀረበ የለም። ጉድለቱም ግልጽ ነው፤ የሃምሳዎቹን የባሕር ልጃገረዶች ስም ዘርዝሮ የሚያልፍባቸው ስንኞች ጀማሪን ያሰለቻሉ፣ አማልክቱም ከጥቂቶቹ በስተቀር ሲነጋገሩና ሲጨነቁ አይሰሙም። የዘር ሐረጉን በወረቀት ላይ እየሣሉ ማንበብ ይህን ችግር በእጅጉ ያቀለዋል። እኔ ሄሲዮድን በሁለተኛ ደረጃ እንዲነበብ እመክራለሁ፤ አንባቢው ሁለት ሦስት አማልክትን በመልካቸው ካወቀ በኋላ የትውልዱ ዝርዝር ሕይወት ይኖረዋል።

አማልክቱን በሥራ ላይ ለማየት፦ ሆሜር

በሆሜር ስም የሚታወቁት ሁለት ታላላቅ ግጥሞች፣ ስለ ትሮያ ጦርነት የሚተርከው ኢሊያድ ከ15,600 በላይ፣ ኦዲሴውስ ከዚያ ጦርነት ወደ አገሩ ስለ መመለሱ የሚተርከው ኦዲሲ ከ12,000 በላይ ስንኞች ያሏቸው ሲሆኑ ሁለቱም በ24 መጻሕፍት የተከፈሉ ናቸው። በኢሊያድ አማልክቱ በጦርነቱ ወገን ለይተው ይገኛሉ፤ ሄራ፣ አቴናና ፖሲዶን ከአካይያውያን ማለትም ከግሪኮቹ ጋር ሲሆኑ፣ አፖሎ፣ አርጤምስ፣ አሬስና አፍሮዲቴ ከትሮያውያን ጋር ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው የአማልክት ትዕይንት በ16ኛው መጽሐፍ ያለው ይመስለኛል። የዜውስ ልጅ ሳርፔዶን ሊሞት ነው፤ አባቱ ሊያድነው ያመነታል፤ ሄራም «አንተ ይህን ካደረግህ ሌሎቹም አማልክት ልጆቻቸውን ከጦርነቱ ሊያወጡ ይሻሉ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ትነግረዋለች። የአማልክትና የሰዎች አባት የተባለው ዜውስ ይታዘዛል፤ ልጁን ለማክበር የደም ጠብታ ወደ ምድር ያዘንባል እንጂ አያድነውም። የሥልጣኑ ስፋትና የሥልጣኑ ወሰን በእነዚህ ጥቂት ስንኞች ውስጥ አብረው ይታያሉ፤ ማንኛውም ማጠቃለያ መጽሐፍ ይህን ሊሰጥ አይችልም።

ኦዲሲ ለጀማሪ ከኢሊያድ ይቀላል። በተግባር ላይ የሚታዩት አማልክት ጥቂት ናቸው፤ አቴና ትረዳለች፣ ፖሲዶን ያሳድዳል፣ የአማልክት መልእክተኛ ሄርሜስ ይላካል፣ ዜውስ ይወስናል። ከ9ኛው እስከ 12ኛው መጽሐፍ ድረስ አንድ ዓይናው ሳይክሎፕ፣ ጠንቋይዋ ኪርኬ፣ የሙታን ምድርና ሲሬኖች ይተረካሉ፤ ለልጆች ማንበብ ለሚፈልግ ወላጅ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

የእኛ አንባቢ በሁለቱም ግጥሞች መጀመሪያ ላይ የሚያገኘው አንድ ነገር አለ። በኢሊያድ 1ኛ መጽሐፍ የባሕር አምላክ ቴቲስ ስለ ልጇ ስለ ጦረኛው አኪሌስ ዜውስን መለመን ስትፈልግ ወዲያው መለመን አትችልም፤ ዜውስ ነውር የሌለባቸው ኢትዮጵያውያን ባዘጋጁት ግብዣ ላይ ሊገኝ ከአማልክቱ ሁሉ ጋር ወደ ኦቅያኖስ ወርዷል፣ የሚመለሰውም በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። በኦዲሲ ደግሞ ፖሲዶን ወደ ኢትዮጵያውያን መሥዋዕት ሄዶ ስለ ነበር አማልክቱ እርሱ በሌለበት ተሰብስበው ኦዲሴውስ ወደ አገሩ እንዲመለስ ወሰኑ። የሁለቱም ታሪኮች አካሄድ በዚህ የአማልክት መራቅ ላይ የተመሠረተ ነው። ሆሜር እነዚህን ሕዝቦች የሚያስቀምጣቸው ፀሐይ በምትወጣበትና በምትጠልቅበት በዓለም ዳርቻ ስለሆነ የዛሬውን የኢትዮጵያ ካርታ በግጥሙ ላይ መዘርጋት አይገባም፤ አማልክት በሰው ማዕድ የሚቀመጡባት ምድር አድርጎ ማሰቡ ግን በልብ ሊያዝ የሚገባው ነው።

አንድ አምላክን በቅርብ ለማወቅ፦ ሆሜራዊ መዝሙሮች

ብዙ መመሪያዎች የሚዘሉትን እኔ በመጀመሪያ አስቀምጠዋለሁ። ሆሜራዊ መዝሙሮች የሚባሉት 33 ግጥሞች በሆሜር ስም ቢጠሩም የእርሱ ሥራ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው አንድን አምላክ ያወድሳሉ። አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው፤ የእህል አምላክ የዴሜተር፣ የአፖሎ፣ የሄርሜስና የአፍሮዲቴ መዝሙሮች ግን ሙሉ ታሪክ ይተርካሉ። የዴሜተር መዝሙር 495 ስንኞች አሉት፤ እስከ ዛሬ ሊደርስ የቻለውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1777 በሞስኮ በተገኘ አንድ የእጅ ጽሑፍ አማካይነት ነው። ያ ብራና ባይገኝ ኖሮ ከግሪክ ግጥሞች ሁሉ ልብን የሚነካው አንዱ ይጠፋብን ነበር።

ታሪኩ የሚጀምረው በመስክ ላይ ነው። ፐርሴፎኔ ከባልንጀሮቿ ጋር አበባ ስትቀጥፍ፣ ምድር እርሷን ለማታለል ያበቀለችውን መቶ ራስ ያለውን ናርሲስ አይታ እጇን ትዘረጋለች፤ መሬቱ ይከፈትና የሙታን ገዥ ሐዴስ በሠረገላ ወጥቶ ይነጥቃታል። ይህም የሆነው በአባቷ በዜውስ ፈቃድ ነው። እናቷ ዴሜተር ጩኸቷን ሰምታ ዘጠኝ ቀን በሁለት እጇ ችቦ ይዛ፣ ምግብ ሳትቀምስና ገላዋን ሳትታጠብ ምድርን ትዞራለች። ያየው ፀሐይ እውነቱን ሲነግራት ከአማልክት ጉባኤ ትለይና አሮጊት መስላ በአቴና አቅራቢያ በምትገኘው በኤሌውሲስ የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ትቀመጣለች። የንጉሡ ልጆች ውኃ ሊቀዱ መጥተው ያገኟትና ወደ ቤታቸው ይወስዷታል። እዚያም የቀረበላትን ወንበር ትታ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፣ ዝም ትላለች፣ ወይን ጠጅም አልቀበልም ብላ የገብስ ዱቄት በውኃና በናና ዓይነት ቅጠል ተበጥብጦ እንዲሰጣት ትጠይቃለች፤ በሶ በጥብጦ የሚጠጣ አንባቢ ይህን መጠጥ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ኀዘኗን ለአፍታ የሰበረው ያምቤ የተባለችው ሴት ቀልድ ነው።

የቤቱን ሕፃን ዴሞፎንን ልታሳድግ ተቀብላ በሌሊት በእሳት ውስጥ ታኖረዋለች፤ ሟችነቱን ልታቃጥልለት ነው። እናቱ ሜታኔይራ አይታ ስትጮህ ዴሜተር ሕፃኑን ከእሳቱ አውጥታ ታስቀምጠውና ማንነቷን ትገልጣለች፤ ቤቱም በብርሃን ይሞላል። ከዚያ በኋላ በተሠራላት ቤተ መቅደስ ውስጥ ተቀምጣ ዘር እንዳይበቅል ትከለክላለች፤ ሰው በረሃብ ሊያልቅ፣ አማልክትም መሥዋዕት ሊያጡ ሆነ። ዜውስ መልእክተኞች ቢልክም እምቢ አለች፤ በመጨረሻ ሄርሜስ ወደ ሙታን ምድር ወርዶ ልጅቱን ይመልሳል። ነገር ግን ሐዴስ የሮማን ፍሬ አቅምሷት ስለ ነበር ከዓመቱ አንድ ሦስተኛውን ከታች፣ ሁለት ሦስተኛውን ከእናቷ ጋር እንድትኖር ተወሰነ።

ጀማሪው ከዚህ አንድ መዝሙር ብቻ ብዙ ነገር ይማራል። ዜውስ ይወስናል፤ አንዲት እናት ግን ውሳኔውን ታስለውጠዋለች። አማልክት ከሰው መሥዋዕት ይፈልጋሉ። አምላክ ለሰው በጎ ሊያደርግ ሲል ሰው በፍርሃት ያበላሸዋል። የወቅቶች መፈራረቅም ከቤተሰብ ኀዘን ጋር ተሳስሯል። በኤሌውሲስ ይፈጸም የነበረው ምሥጢራዊ ሥርዓትም ከዚህ ታሪክ ጋር የተያያዘ ስለ ነበር መዝሙሩ ተረትን ብቻ ሳይሆን አምልኮንም ያሳያል። ስለዚህ «በአንድ ምሽት የግሪክን አማልክት ማወቅ እፈልጋለሁ» የሚል ሰው ቢጠይቀኝ የምሰጠው ይህንን ነው።

ጥያቄ ለሚያነሣ አንባቢ፦ ትራጄዲዎቹ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በአቴና ከተማ በዲዮኒሶስ በዓል ላይ ይታዩ ከነበሩት ትራጄዲዎች፣ ማለትም የመከራ ተውኔቶች፣ ከ30 በላይ የሚሆኑ የኤስኪለስ፣ የሶፎክልስና የኤውሪፒደስ ሥራዎች ሙሉ ሆነው ቀርተዋል። እነዚህ ታሪኩን ከመጀመሪያ አይነግሩም፤ ተመልካቹ እንደሚያውቀው አድርገው ነውና የሚነሡት ለፍጹም ጀማሪ አይመቹም። ፕሮሜቴዎስን ብንወስድ፣ በሄሲዮድ ዘንድ ዜውስን በሥጋ ክፍፍል ያታለለ፣ እሳት የሰረቀና ተገቢ ቅጣት ያገኘ ብልጣብልጥ ነው፤ በኤስኪለስ ስም በሚጠራው ተውኔት ግን ለሰው ልጅ ቍጥርን፣ ፊደልን፣ መድኃኒትንና መርከብን የሰጠ ወዳጅ ሆኖ፣ ዜውስ ደግሞ በመድረኩ ላይ ፈጽሞ የማይታይ አዲስ አምባገነን ሆኖ ይቀርባል። ሁለቱን ተከታትሎ ማንበብ አንድ ተረት ምን ያህል ሊለወጥ እንደሚችል ያስተምራል።

ሂፖሊቶስ የተባለው የኤውሪፒደስ ተውኔት የታየው በ428 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። ዕድሜውን ሁሉ አርጤምስን ያገለገለው ወጣት ሊሞት ሲል አምላኩ ትመጣለች፤ ታጽናናዋለች፤ ነገር ግን አማልክት የሞተ ሰው ማየት ስለማይፈቀድላቸው ነፍሱ ከመውጣቷ በፊት ትታው ትሄዳለች። በሟችና በማይሞት መካከል ያለውን ርቀት ከዚህ ይልቅ አጥብቆ ያሳየ ትዕይንት አላነበብሁም።

ስለ ኦቪድ ጥንቃቄ

ኦቪድ ከሁሉም ይልቅ ለማንበብ የሚጥም ነው፤ ብዙ ሰውም በእርሱ ይጀምራል። ሜታሞርፎሲስ የተባለው 15 መጻሕፍት ያሉት ሥራው በላቲን የተጻፈው ደራሲው በ8 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወደ ጥቁር ባሕር ዳርቻ በተጋዘበት ዘመን ገደማ ነው። ኦቪድ ሮማዊ ነው፤ ዜውስን ዩፒተር፣ አቴናን ሚነርቫ፣ ፖሲዶንን ኔፕቱን ይላቸዋል፤ ከሄሲዮድም በሰባት መቶ ዓመት ገደማ ይርቃል። ዛሬ «የግሪክ ተረት» ተብለው የሚነገሩ ብዙ ነገሮች በዚያ መልክ የታወቁት በእርሱ ነው። ሜዱሳ ለዚህ ምሳሌ ትሆናለች። በሄሲዮድ ዘንድ ጎርጎኖች ከተባሉት ሦስት አስፈሪ እኅትማማቾች ሟች የሆነችው ናት፣ ፖሲዶንም በለስላሳ መስክ በጸደይ አበቦች መካከል ከእርሷ ጋር ተኛ ከማለት በቀር ስለ መለወጧ አይናገርም። ቆንጆ ልጃገረድ እንደ ነበረች፣ ኔፕቱን በሚነርቫ ቤተ መቅደስ ውስጥ እንደ ደፈራትና ሚነርቫም ጠጕሯን ወደ እባብ እንደ ለወጠችው የሚተርከው ኦቪድ ነው። በዚህ ታሪክ ብቻ ስለ ግሪኳ አቴና ፍርድ የሚሰጥ ሰው የሮማዊውን ገጣሚ ፍርድ ተቀብሎ እንደሚናገር ይወቅ። በመጽሐፉ ውስጥ መደፈር ደጋግሞ ስለሚተረክ ለልጆች ከመስጠት በፊት ወላጅ አስቀድሞ ሊያነብበው ይገባል።

ሆኖም በ8ኛው መጽሐፍ ያለውን የፊልሞንንና የባውኪስን ታሪክ ማንም እንዲያልፈው አልፈልግም። ዩፒተርና ሜርኩሪ (የግሪኮቹ ሄርሜስ) ሰው መስለው በፍርግያ ምድር ሲዞሩ በር ሁሉ ተዘጋባቸው፤ የተቀበሏቸው ሁለት ድኾች ሽማግሌዎች ናቸው። ገበታው አንዱ እግሩ ስላጠረ በሸክላ ስባሪ ይደግፉታል፤ የወይኑ ዕቃ ሲጎድል በራሱ እንደሚሞላ አይተው ይደነግጣሉ፤ ያላቸውን አንድ ዝይ ሊያርዱ ሲያባርሩም እንግዶቹ ይከለክሏቸዋል። ይህን ያነበበ ሰው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14ን ደግሞ ያንብብ። በፍርግያ አጠገብ ባለችው በልስጥራን የነበሩ ሰዎች በርናባስን ድያ፣ ማለትም ዜውስ፣ ጳውሎስንም ሄርሜን ብለው በሬና የአበባ ጕንጕን ያመጡበት ምክንያት በዚህ ታሪክ በኩል ሲታይ ይበልጥ ይገባል። በምዕራፍ 19 የኤፌሶን ሰዎች የሚጮኹላት አርጤምስም ከእነዚሁ አማልክት አንዷ ናት።

ለመፈለጊያ፣ ለአምልኮም

በአፖሎዶሮስ ስም የሚታወቀው በ1ኛው ወይም በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጠናቀረው ቤተ መጻሕፍት የተባለው ስብስብ ደረቅ ነው፤ ታሪኩን ጠቅልሎ ይናገርና «ሌሎች ግን እንዲህ ይላሉ» ብሎ ያልፋል። ከዳር እስከ ዳር ለማንበብ አይመከርም፤ አንድ ስም ሲጠፋ ለመፈለግ ግን ተወዳዳሪ የለውም። የኢትዮጵያ ንጉሥ የተባለው የኬፌዎስ ልጅ አንድሮሜዳ ለባሕር አውሬ ስለ መታሰሯና ጀግናው ፐርሴዎስ ስለ ማዳኑም ባጭሩ የሚገኘው በዚያ ነው።

አማልክቱ በእርግጥ እንዴት ይመለኩ እንደ ነበር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከላይ ወደ ጠቀስሁት ወደ ጳውሳንያስ ይሂድ፤ በ10 መጻሕፍት የግሪክን ቤተ መቅደሶች፣ ሐውልቶችና መሥዋዕቶች እየዞረ ይገልጣቸዋል። ለዚህ ጥያቄ የራሳችን አካባቢ ድንጋዮችም ምስክር ናቸው። በቀይ ባሕር ወደብ በአዱሊስ የነበረውና በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተጓዡ ኮስማስ የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ፣ ስሙ ያልተረፈ አንድ ንጉሥ ለዜውስ፣ ለአሬስና ለፖሲዶን መሥዋዕት ማቅረቡን ይናገራል። ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት በአክሱም ባቆመው ጽሑፍ በግሪክኛው የማይሸነፈው የአሬስ ልጅ ሲባል፣ በግዕዙ የማሕረም ልጅ ይባላል። አክሱማውያን የጦር አምላካቸውን ለግሪክኛ አንባቢ ሲያስረዱ የመረጡት አሬስን ነበር፤ በኢሊያድ 5ኛ መጽሐፍ ቈስሎ እንደ አሥር ሺህ ሰው ጮኾ የሸሸውን አሬስ ሳይሆን፣ ድል የሚሰጠውን አምላክ ማለታቸው ነው። በተረት ያለው አምላክና በመሠዊያ ያለው አምላክ እንደሚለያዩ ከዚህ ይታያል።

በቅደም ተከተል የምመክረው እንዲህ ነው፦ የዴሜተርን መዝሙር መጀመሪያ፣ ቴኦጎኒን ቀጥሎ፣ ከዚያ ኦዲሲን፣ ኢሊያድን ከዚያ በኋላ፤ ትራጄዲዎቹንና ኦቪድን አንባቢው እነዚህን ከጨረሰ በኋላ በፈለገው ተራ ሊያነብባቸው ይችላል። ጊዜ የሌለው ተማሪ የመዝሙሩንና የቴኦጎኒን ሁለቱን ብቻ ቢያነብብ ከ1,600 ስንኝ ያነሰ ነው። በእንግሊዝኛ ለሚያነብብ ሰው የቆዩ ትርጉሞች በነፃ ይገኛሉ፤ በአሜሪካ በተፍትስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ፐርሴየስ የተባለው ዲጂታል ቤተ መጻሕፍትም የግሪክኛውን ጽሑፍ ከትርጉም ጋር ያቀርባል። መጽሐፍ የሚገዛ ሰው የስንኝ ቍጥር በዳር የታተመበትን እትም ይምረጥ፤ ቍጥሩ ከሌለ አንዱን ምንጭ ከሌላው ጋር ማነጻጸር አድካሚ ይሆናል። በስድ ንባብ የተተረጐመው ታሪኩን ለመከታተል ይቀላል፤ በግጥም የተተረጐመው ደግሞ ጮክ ብሎ ለሚያነብብ ይመቻል፣ ሆሜርና መዝሙሮቹ መጀመሪያም ለጆሮ የተዘጋጁ ነበሩና።